ፓምፑን ከመቀየራችን በፊት

አሮጌ አውቶሞቢል በአገራችን የሙዚየም ዕቃ ለመሆን ጊዜ አላገኘም። በሌሎች አገሮች ዕድሜው ከአርባና ከሃምሳ ዓመት ያለፈ መኪና ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀመጥና በበዓል ቀን ብቻ ለትርኢት ይወጣል። በእኛ አገር ግን ቮልስዋገኑ ልጆችን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ፔጆ 404 ዘመድ ለመጠየቅ ይነሣል፤ ላንድሮቨሩ ደግሞ አስፋልት ያልደረሰበትን ገጠር ያካልላል። ቮልስማ ከታሪካችንም ጋር የተቆራኘ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚሁ መኪና ነበር።

እነዚህ በቤንዚን የሚሠሩ አሮጌ መኪኖች በመልክ ቢለያዩም አንድ የጋራ አካል አላቸው። እርሱም መካኒኮቻችን «ፖምፓ» የሚሉት፣ ከቡጢ የማይበልጥ፣ በሞተሩ ጎን በሁለት ብሎን የሚታሰር መካኒካል የቤንዚን ፓምፕ ነው። መኪናው በመንገድ ላይ ሲቆም ከሚወቀሱት ክፍሎች መካከል ይህ ፓምፕ የፊተኛውን ረድፍ ይይዛል። ወቀሳው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሐሰት ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው እውቀት በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተውም ስለዚሁ ነው። ሳንለካ የምንቀይረው ፓምፕ የገንዘብ ኪሳራ ከመሆኑም በላይ፣ ፊዚክስን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ማስተማራችን ምን እንዳሳጣን ይመሰክርብናል።

አምበር ላይ የቆመው መኪና

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ጎሃ ጽዮንን እንዳለፈ ከ2400 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ከፍታው ወደ 1100 ሜትር ግድም ዝቅ ይላል። ከዚያ ያንኑ ያህል ዳገት መልሶ ወጥቶ ደጀን ይገባል፤ ቀጥሎም በሰፊው የጤፍ ማሳ መካከል ተጉዞ አምበር ይደርሳል።

አንድ አሮጌ ቤንዚን መኪና ይህን ጉዞ ያለ እንከን ጨርሶ አምበር ደረሰ እንበል። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ቡና ሊጠጣ ወረደ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ይንገራገራል እንጂ አይነሣም። ኮፈኑ ይከፈታል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባው ቱቦ ሲነቀል ቤንዚን አይወጣም። «ፖምፓው ሞቷል» ይባላል። ሰው ወደ ደብረ ማርቆስ ተልኮ ሌላ ፓምፕ ይገዛል፤ አሮጌው ተፈትቶ አዲሱ ይታሰራል፤ ሞተሩም ይነሣል። ሾፌሩ ያመሰግናል፤ መካኒኩ ይከፈለዋል፤ አሮጌው ፓምፕ ይጣላል።

ታሪኩ ያማረ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ አልተጠየቀበትም። ፓምፑ ሳይነካ መኪናው ያን ያህል ሰዓት ዝም ብሎ ቢቆም ኖሮ ይነሣ ነበር ወይስ አይነሣም?

ትንሹ ፓምፕ እንዴት ይሠራል?

የመካኒካል ፓምፕ አሠራር ቀላልና ውብ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞር ካም የተባለ ጉብታ የፓምፑን ክንድ በየዙሩ ይገፋል። ክንዱም ዲያፍራም የተባለውን፣ ነዳጅ በሚቋቋም ጎማና ጨርቅ የተሠራ ስስ ሽፋን ወደ ታች ይጎትታል። በዚህ ጊዜ ከዲያፍራሙ በላይ ያለው ክፍተት ይሰፋና በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል። በቤንዚን ታንኩ ውስጥ ያለው የከባቢ አየር ግፊት ቤንዚኑን በቱቦው ገፍቶ በመግቢያው ቫልቭ በኩል ወደ ፓምፑ ያስገባዋል። በልማድ «ፓምፑ ቤንዚን ሳበ» እንላለን፤ በፊዚክስ ዓይን ግን ሥራውን የሚሠራው የአየሩ ግፊት ነው፤ ፓምፑ ቦታ ብቻ ይለቅለታል።

ካሙ ሲያልፍ ከዲያፍራሙ በታች ያለው ሞላ ዲያፍራሙን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ቤንዚኑም በመውጫው ቫልቭ በኩል ወደ ካርቡሬተሩ ይሄዳል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቤንዚኑን የሚገፋው ካሙ ሳይሆን ሞላው በመሆኑ፣ ፓምፑ የሚያወጣውን ግፊት የሚወስነው የሞላው ጉልበት ነው። ይህም እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ15 እስከ 40 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። የካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ሲሞላ በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ መግቢያውን ይዘጋል፤ ቤንዚኑ መሄጃ ሲያጣ ዲያፍራሙ ታች እንዳለ ይቀራል፤ ክንዱም ያለ ሥራ ይወዛወዛል። ሞተሩ ቤንዚን ሲጠቀም መግቢያው ይከፈትና ሞላው እንደገና ይገፋል። ያለ አንዳች የኤሌክትሪክ ሽቦ ራሱን በራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያ ማለት ይህ ነው።

ፓምፑ የሚታመምባቸው መንገዶችም የሚቆጠሩ ናቸው። ዲያፍራሙ ይቀደዳል ወይም ይደርቃል፤ ቫልቮቹ በቆሻሻ ምክንያት መግጠም ያቅታቸዋል፤ ሞላው ይደክማል፤ ክንዱ ይበላል። እነዚህ እውነተኛ ብልሽቶች ናቸው። መኪናው ቢያርፍም አይድኑም።

ደጋው የሚያመጣው ጣጣ

በባሕር ወለል የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ደብረ ማርቆስ በምትገኝበት በ2400 ሜትር ግድም ከፍታ ግን ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ይህ ልዩነት በየማጀቱ ይታወቃል። ውኃ በዚህ ከፍታ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ስለሆነ፣ የደጋ ባቄላ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ለውኃ የሠራው ሕግ ለቤንዚንም ይሠራል።

ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ቅልቅል በመሆኑ እንደ ውኃ አንድ ቁርጥ ያለ የመፍያ ነጥብ የለውም። ስለዚህ ተን የመሆን ዝንባሌው የሚለካው በ38 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያሳየው የተን ግፊት ነው። ለስሌት እንዲያመቸን 60 ኪሎ ፓስካል የተን ግፊት ያለውን ቤንዚን እንውሰድ። በባሕር ወለል በአየሩ ግፊትና በተኑ ግፊት መካከል 41 ኪሎ ፓስካል ልዩነት አለ። በ2400 ሜትር ከፍታ ግን የሚቀረው 16 ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው። የአየሩ ግፊት የቀነሰው በሩብ ያህል ሲሆን፣ ፓምፑ ቤንዚኑን ሳያፈላ ሊሠራበት የሚችለው ልዩነት ግን ከግማሽ በታች ወርዷል ማለት ነው።

አሁን ሙቀቱን እንጨምርበት። ይኸው ቤንዚን በባሕር ወለል መፍላት የሚጀምረው በ52 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን፣ በደጋው ላይ በ45 ዲግሪ ግድም ይጀምራል። ሞተር ሲሠራ ማራገቢያው አየር ይነዳል፤ ቀዝቃዛ ቤንዚንም ያለማቋረጥ በፓምፑ ያልፋል። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ሁለቱም ይቆማሉ። በሞተሩ ብረት ውስጥ የተከማቸው ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ፓምፑና ወደ ቱቦው ይሸጋገራል። ስለዚህ ፓምፑ በጣም የሚግለው መኪናው በሚሮጥበት ሰዓት ሳይሆን ከቆመ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ነው። ሾፌሩ ቡናውን ሲጠጣ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ይፈላል።

ተን እንደ ፈሳሽ አይደለም፤ ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ሲለቁት ይሰፋል። ዲያፍራሙ ወደ ታች ሲወርድ የተኑ አረፋ ይለጠጣል፤ ወደ ላይ ሲመለስ ይኮማተራል፤ ፈሳሹ ቤንዚን ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ፓምፑ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቤንዚን አያደርስም። ቀዝቀዝ ሲል ተኑ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፤ መኪናውም ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ነባር ሾፌሮች በፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚጥሉት ስለዚህ ነው፤ ዘዴው ከፊዚክስ ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማል።

ማን ፈወሰው?

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ፓምፑ ተገዝቶ እስኪመጣና እስኪታሰር ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፏል። በዚያ ሰዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል፤ ፓምፑ አዲስ ሆኗል፤ ሞተሩም ቀዝቅዟል። ሞተሩን ያስነሣው የትኛው ነው? ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ከተለወጡ በኋላ ከመካከላቸው አንዱን መርጦ «ፈዋሹ ይህ ነው» ማለት አይቻልም። በሳይንስ የንጽጽር ሙከራ የምንለው ነገር አስፈላጊነት እዚህ ላይ ነው። አንዱን ለውጦ ሌላውን እንዳለ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ይህ ስሕተት በጋራዥ ብቻ የሚታይ አይደለም። ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ሲለቀው የዳነበትን መድኃኒት የሚያወድስ ሰው፣ ዝናቡ ጥሩ በሆነበት ዓመት አዲሱን ማዳበሪያ ብቻ የሚያመሰግን ባለሙያ፣ ተማሪው ተለውጦ ሳለ በማስተማሪያ ዘዴው የሚኩራራ መምህር ሁሉ ያንኑ መንገድ ይሄዳሉ። የመኪናው ጥቅም ግን ነገሩን በእጅ የሚዳሰስ ማድረጉ ነው።

እኛ ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት ያስተዋልነው አንድ ልማድ አለ። በቤተ ሙከራ ውስጥ የቫኩም ፓምፕ ሲያስቸግር ተማሪው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት የግፊት መለኪያ ያነሣ ነበር። የትኛው ክፍል እንደሚያፈስ በቁጥር ሳያረጋግጥ አንድ ብሎን አይፈታም። ልማዱ ገንዘብ ስለተረፋቸው የመጣ አልነበረም፤ ሳይለኩ መፍታት ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ ስለሚያውቁ ነው። የእኛ ተማሪ የበርኑሊን ቀመር ከነማረጋገጫው ይጽፋል። ይሁን እንጂ የግፊት መለኪያና የተነቀለ ቱቦ ቢሰጡት የትኛውን ከየትኛው ጋር እንደሚያገናኝ ግራ ይገባዋል። መካኒኩ በበኩሉ ቱቦውን ያውቃል፤ ቁጥሩን የሚነግረው ግን አላገኘም። ሁለቱ በአንድ ከተማ እየኖሩ አይገናኙም።

እንዴት ይለካ? እንዴትስ ይቀየር?

መመርመሪያው ውድ አይደለም። በመጀመሪያ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ ይሸተታል። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ዲያፍራሙ ተቀድዶ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ዘይት እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ይህ ዘይቱን አቅጥኖ ሞተሩን ስለሚጎዳ መኪናው መነዳት የለበትም። ቀጥሎ ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባው ቱቦ ተነቅሎ በጠርሙስ ውስጥ ይደረጋል፤ የእሳት ብልጭታ እንዳይኖር የኮይሉ ሽቦ ይነቀላል፤ ከዚያ ሞተሩ በማስነሻው ይዞራል። ቀዝቃዛው ፓምፕ በየምቱ ጠንከር ያለ ቤንዚን ከረጨ ጥፋተኛው ሙቀቱ ነው። በሦስተኛ ደረጃ የመውጫው ግፊትና የመግቢያው የመሳብ ኃይል በመለኪያ ይነበባሉ። በመጨረሻም ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው ቱቦና የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ይታያሉ። መተንፈሻው ከተደፈነ በታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርድና ቤንዚኑን የሚገፋ አየር ይጠፋል፤ አዲስ ፓምፕም አያድነውም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ፓምፑ በእርግጥ ከተበላሸ መቀየር አለበት። እዚህም መለካት አይቀርም። ባትሪው ይነቀላል፤ የታንኩ ቱቦ ይታፈናል፤ ካሙ ክንዱን በማይገፋበት በኩል እስኪሆን ሞተሩ በእጅ ይዞራል፤ ከዚያ ሁለቱ ብሎኖች ይፈታሉ። በፓምፑና በሞተሩ መካከል ያለው ጋስኬት ዘይት እንዳይፈስ ከመከላከል ሌላ ሥራም አለው። ውፍረቱ ክንዱ ምን ያህል እንደሚገፋ ይወስናል። በቮልስ ሞተር ነገሩ የባሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፓምፑን የሚገፋ ዘንግ በመካከል ስላለና የዘንጉ ርዝመት እንደ ፓምፑ ዓይነት 108 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ ረጅሙን ዘንግ ለአጭሩ በተሠራው ፓምፕ ላይ የገጠመ ሰው አዲሱን ዲያፍራም በገዛ እጁ ይቀድደዋል። በስምንት ሚሊ ሜትር ልዩነት የፓምፕ ዋጋ ይጠፋል። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የሚባለው ለአናጢ ብቻ አይደለም።

የዲያፍራሙ ጎማም ጥያቄ ያስነሣል። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኤታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀምሮ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኤታኖል የአሮጌ ፓምፖችን ጎማ ያበላሻል፤ በዚህ መጠን ሲደባለቅም የቤንዚኑን የተን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ መለዋወጫ ሲገዛ ዲያፍራሙ ኤታኖልን የሚቋቋም መሆኑን መጠየቅ ይገባል።

አንድ ማሳሰቢያ ሳንሰጥ አናልፍም። ቤንዚን በአፍ መሳብ በየመንገዱ የሚታይ አደገኛ ልማድ ነው። ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ቢገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ሲጋራና የጋለ ሞተር ባሉበት ቱቦ መንቀልም እንዲሁ ነው።

«ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» ለሚሉ

አንዳንድ አንባብያን «መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ዓለምም ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ ነው፤ ስለ ቤንዚን ፓምፕ መጻፍ ምን ይጠቅማል?» ሊሉን ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አዳዲሶቹ የቤንዚን መኪኖች እንኳ ፓምፓቸውን በታንኩ ውስጥ አድርገው ነዳጁን በብዙ መቶ ኪሎ ፓስካል ግፊት ስለሚገፉት የተኑን ችግር በአብዛኛው አልፈውታል።

መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ አዲስ የነዳጅ መኪና አይገባም ማለት ያለው ይጠፋል ማለት አይደለም። በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ ጤነኛ ፓምፕ አውጥቶ መጣልም ከዕለት ወደ ዕለት እየከበደ ይሄዳል።

ሁለተኛው መልስ ይበልጣል። ይኸው የግፊት ሕግ በመስኖ ላይ የተሰማራውን ገበሬ በቀጥታ ይነካዋል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የመሳቢያ ፓምፖች ውኃን ከ10 ሜትር ያህል በላይ ማንሣት እንደማይችሉ ጽፏል። ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 ምክንያቱ የአየር ክብደት መሆኑን አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1648 ደግሞ የፓስካል አማች ፔሪዬ በፈረንሳይ አገር ፒዩይ ዴ ዶም የተባለውን ተራራ ባሮሜትር ይዞ ወጥቶ፣ ከፍታ ሲጨምር ግፊቱ እንደሚቀንስ አሳየ። ይህን በጎጃም ደጋ ላይ ብናሰላው፣ በ2400 ሜትር ከፍታ የውኃ ሞተር በመሳብ ሊያነሣው የሚችለው ከፍተኛው መጠን 10.3 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 7.7 ሜትር ይሆናል፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከወንዙ ሰባት ሜትር ከፍ አድርጎ ሞተሩን ያስቀመጠ ገበሬ ውኃ ሲያጣ ሞተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ለጥገና ይከፍላል፤ ወይም ሌላ ይገዛል። መፍትሔው ግን ሞተሩን ሁለት ሜትር ወደ ወንዙ ማውረድ ሊሆን ይችላል። ይህን ሊነግረው የሚችለው ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ልጁ ነበር፤ ልጁ ግን ቀመሩን ለፈተና ሸምድዶታል እንጂ ከወንዙ ጋር አላገናኘውም።

ምን ይደረግ?

ሐሳባችን ብዙ በጀት አይጠይቅም። ከየጋራዡ የሚጣሉ ፓምፖች ተሰብስበው፣ ታጥበውና ለሁለት ተከፍለው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ይቀመጡ። ዲያፍራሙን በጣቱ የገፋ ተማሪ የቫልቭን ትርጉም ከሥዕል ይልቅ አብልጦ ይረዳል።

እንደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ በደጋ የተተከሉ ተቋማትም የዓባይን ሸለቆ እንደ ቤተ ሙከራ ይጠቀሙበት። ፔሪዬ ተራራ መውጣት ነበረበት፤ የእኛ ተማሪ ግን በአውቶቡስ መስኮት ሥር ተቀምጦ ከ1300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ መልሶም ይወጣል። ጎሃ ጽዮን ላይ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አጥብቆ ቢዘጋ፣ ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ጠርሙሱ ተጨምድዶ ያገኘዋል። በውስጡ ያለው አየር ይዘት ከ10 እስከ 15 በመቶ ግድም ይቀንሳል። የበረሃው ሙቀት ይህን ቁጥር ምን ያህል እንደሚለውጠው ማስላት ለተማሪው ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

በመጨረሻም የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎችና ጋራዦች ይተዋወቁ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ጥቂት ሳምንት ከመካኒኮች ጋር ቢያሳልፉና በየጊዜው «ሞተ» የተባለውን ፓምፕ ሲቀዘቅዝ ቢለኩት፣ ምን ያህሉ በእርግጥ እንደሞተ እናውቃለን። እስከ ዛሬ የቆጠረ ሰው አላየንም። ከአንባብያን መካከል ለመቁጠር የሚነሣ ቢኖር ውጤቱን በዚህ መጽሔት ላይ ለማውጣት ደስተኞች ነን። መሣሪያው አንድ የግፊት መለኪያ፣ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር ነው።